ከአርባ በላይ

መስከረም 8

እህት ዓለሜ፣

መጀመሪያ የጎረቤታችንን የሾፌሩን ጤና ልንገርሽና ልገላገል፤ በሁለቱም ደብዳቤሽ ከኔ አስቀድመሽ የጠየቅሽው ስለሱ ነው፣ እኔማ ወገብ የለኝም። ጋሼ ሾፌሩ ከአልጋው ተነሥቷል። ሐኪሙ «የወገብህ ዲስክ ተንሸራቷል» ቢለው፣ «ሠላሳ ዓመት በዝናብ ስነዳ እኔ ያልተንሸራተትኩ፣ እሱ ምን ሆንኩ ብሎ ነው?» አለው አሉ። አሁን ዱላ ይዞ እስከ በር ይወጣል፤ ዱላውም ለመደገፊያ ሳይሆን እየጠቆመ ሚስቱን ለማዘዣ ነው። ትልቋ ልጁ መንታ ተገላግላለች። አንደኛው ቁርጥ አያቱን፣ መላጣና ቁጡ። ሚስትየው «አንድ ሾፌር ሳይበቃኝ» እያለች ትስቃለች። ሰላምታሽን አድርሻለሁ።

«ምን አስቀይሜሽ ነው ሁለት ወር ዝም ያልሽው?» ብለሻል። አንቺማ ምን ታስቀይሚኛለሽ የኔ እህት። እጄን አሞኛል ብዬ በሰው የላክሁብሽም ውሸት ነው፣ ይቅር በይኝ። እጄ ደህና ነው። የተነጠቅሁት መቀሴን ነው።

አንቺ ከዚህ ስትሄጂ እኔ ገና ስፌት ቤቱን እጠርግ ስለነበር ደንቡን ላስረዳሽ። ሃምሳ ሴቶች ነን። የደንብ ልብስ እንሰፋለን፤ የጥበቃ፣ የሆስፒታል፣ የተማሪ። እያንዳንዳችን ቁጥር አለን። የሰፋነው ሸሚዝ ሲሰበሰብ ቁጥራችን የተጻፈባት ጨርቅ ኮሌታው ላይ በመርፌ ቁልፍ ትያያዛለች። ተቆጣጣሪዋ ትመረምራለች፣ የተበላሸው ወደ ባለ ቁጥሯ ይመለሳል፣ ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች። ደንቡ ክፋት የለውም። ክፋቱ፣ እኛ ከድልድዩ ማዶ የመጣነው ሴቶች ሁላችንም ለስፌት የተቀጠርነው በአንድ ቀን መሆኑ ነው፤ ቁጥራችን ከአርባ በላይ ነው። ከከተማው ወገን አንዷ ብትለቅ ቁጥሯን የምትወርሰው ሌላ የከተማ ልጅ ናት። ተቆጣጣሪዋ ደግሞ፣ እኛ መነጽሯ ነው የምንላት፣ ሸሚዙን የምታነሣው በኮሌታው ነው። ገባሽ? ከስፌቱ በፊት ቁጥሩን ታነባለች። ከአርባ በላይ ከሆነ ግንባሯ ይኮማተራል። ከዚያማ ጠማማ ስፌት ትፈልጋለች፣ ፈልጎ የሚያጣ ማን አለ?

እኔ አርባ ሦስት ነኝ። ሆኖም ሦስት ዓመት ሙሉ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። ከአርባ በላይ ሆና መቀስ የጨበጠች እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። ሐምሌ ላይ ስድሳ የሆስፒታል ሸሚዝ ቆረጥኩ፣ ስድሳውም አራት ጣት አጥሮ ተገኘ። ጨርቁ ላይ አሳርፌ የምቆርጥበት የካርቶን ልክ ስሕተት ነበር። ካርቶኑን የሰጠችኝ ራሷ መነጽሯ ናት። «ከአርባ በላይ ምን ይጠበቃል! እነዚህ የሚያውቁት አካፋ ነው!» ብላ መቀሱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ከእጄ፣ እህቴ፤ ጣቶቼ ገና ቀለበቱ ውስጥ እያሉ። ሃምሳ ሴት እያየ።

አሁን መቀሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እኔ ኮሌታ እሰፋለሁ። ባለቤቱ፣ ጌትየው፣ ታኅሣሥ ላይ ሲመጣ ከኮሌታ ሰፊዎቹ ለተሻለችው ይሰጣል ተብሏል። ለማን እንደታሰበ ሁሉም ያውቃል፤ ለአሥራ ሁለት። ልዕልት እንላታለን። አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፣ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ጥፍሯ የተቀባ፣ እንደምን አደርሽ ሲሏት በአንገቷ የምትመልስ። የከተማ ልጆች እንዲያው ናቸው፣ ቀዝቃዛ ውሃ።

ተይው እንዳትዪኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በሰው ፊት እንደነጠቀችኝ በሰው ፊት እነጥቃታለሁ።

ፖስታው ላይ የሰፈራችንን ስም አትጻፊ ያልሽውን አይቻለሁ። «ይጠፋል» ነው ምክንያትሽ? ዘጠኝ ዓመት ሳይጠፋ ዘንድሮ ይጠፋል? እሺ፣ አልጻፍኩም።

ታላቅሽ

ጥቅምት 11

እህት ዓለሜ፣

የላክሽው ሻርፕ ደርሷል፣ ያምራል፣ አንገቴ ላይ ነው። አፌን ልታስሪበት ከሆነ ግን አልታሠረም። «ለእግዜር ተይው» አልሽኝ። እውነቴን ነው፣ ሞክሬያለሁ፤ ሁለት እሑድ ቆሜ ጸለይኩ። ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሆነብኝ። እግዜር ሥራ ይበዛበታል፣ ይቺን እኔ ልያዝለት።

ሰው ልትመቺ እንዳይሆን ብለሽ ደግሞ ፈርተሻል። ዕድሜዬን አስቢ እንጂ! እኔ የምመታው በክር ነው።

ቁጥሮቹን ኮሌታው ላይ የምታያይዘው አርባ ስድስት ናት። «ጭራሽ» ሳትል አፏን ስለማትከፍት ጭራሽ እንላታለን። የማዶ ልጅ ናት፣ የኔው ቢጤ። በምሳ ሰዓት ጠራኋትና የኔን ቁጥር ልዕልት ላይ፣ የልዕልትን እኔ ላይ እንድታደርግ ነገርኳት።

«ጭራሽ ቁጥር እንስረቅ?»

«አንሰርቅም፣ እንዋዋሳለን።»

«ቢይዙንስ?»

«ማንበብ አትችልም፣ ተሳስታ ነው እላለሁ።»

«ጭራሽ! አምስተኛ ክፍል ደርሻለሁ እኮ!»

«ብትደርሺስ? ከአርባ በላይ ነሽ። ሳይጠይቁ ያምኑኛል።»

ሳቋ እስኪያፍናት ሳቀች፣ ከዚያ «እሺ» አለች።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። የኔ ኮሌታ አሥራ ሁለት ሆኖ ይሄዳል፣ የልዕልት አርባ ሦስት። የራሴን እንድለየው እጥፋቱ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ አንዲት ሰማያዊ ክር እተዋለሁ። ምን ሆነ መሰለሽ? የልዕልት ስፌት፣ ያ ሲመሰገን የኖረው፣ አርባ ሦስት ስለተባለ ብቻ ይመለሳል። የሚመለሰው ወደኔ ነው፣ ልፈታው ይገባ ነበር። አልፈታሁም። የተመለሱት የሚሰበሰቡት ትእዛዙ ሲያልቅ ስለሆነ መኪናዬ ሥር በከረጢት ይዣቸዋለሁ።

ማክሰኞ ደግሞ መነጽሯ አንዱን ሸሚዝ ወደ መስኮቱ አንሥታ «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ! አሥራ ሁለት፣ እጅሽ ይባረክ። አርባ ሦስት፣ ነይማ፣ ከልጅ መማር ነውር የለውም» አለች። ሄድኩ። አጎንብሼ የገዛ ስፌቴን አየሁ። «አዎ፣ ደስ ይላል» አልኩ። «ተመልከቺው፣ እጅ ማለት ይሄ ነው» አለችኝ። ጥርሴን ነክሼ «ዕድሜ ይስጥልኝ» ብዬ ተመለስኩ። ጭራሽ ሽንት ቤት ገብታ ስትስቅ ድምፅዋ እስከ እኛ ይሰማ ነበር።

ልዕልት ያን ሸሚዝ ተቀብላ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው፣ እኔን አየችኝ፣ ምንም አላለች። የሷ እንዳልሆነ ሳይገባት አልቀረም። ግን ምስጋና ማን ይጠላል? ዝም ብላ ተቀበለች። አላልኩሽም?

ታላቅሽ

ኅዳር 3

እህት ዓለሜ፣

የልጅሽ ትኩሳት ስለወረደ ተመስገን። ሁለተኛ እንዲህ ስታስጨንቂኝ መጨረሻውን ከላይ ጻፊው፣ ከዚያ መጀመሪያውን።

«ይህን ሁሉ ከምትደክሚ ያን የተሳሳተ ካርቶን ለምን ለጌትየው አታሳዪውም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። ሦስት ቀን ብዕሬን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

አስቀድሜ ሌላ ነገር ልንገርሽ። ጭራሽ መንጋጋዋን ተነቅላ ጉንጯ እንደ ኳስ አብጦ አራት ቀን ቀረች። ቁጥሩን ያያያዘችው ምንም የማታውቅ ሌላ ሴት ናት። ስለዚህ አራት ቀን አርባ ሦስት ሆኜ ሰፋሁ። ያው መኪና፣ ያው ክር፣ ያው እኔ። በሁለተኛው ቀን አሥር ተመለሰብኝ። «ያቺ ዕውር!» ብዬ በንዴት በሜትር ለካሁት። እህቴ፣ ጠማማ ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ። የኮሌታው አንዱ ጫፍ ከሌላው በጣት ውፍረት ያንሳል። ስፌቱ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፣ እንደ ሰካራም እርምጃ። ጭራሽ ተመልሳ ቁጥሩን ስትቀይርልኝ በማግሥቱ ቀጥ አለ። ማንም ሳይነግረው እጄ ቁጥሩን ያውቃል። አሥራ ሁለት ስሆን ስለ ስፌቱ አስባለሁ፣ አርባ ሦስት ስሆን ስለ ዓይኗ አስባለሁ።

እንግዲህ ካርቶኑ። ካርቶኑ ልክ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። ለጭራሽም ዋሽቻለሁ፣ ለሾፌሩ ሚስትም፤ መጨረሻ ላይ እኔም አመንኩት። ያን ቀን ሳሙናዬን ይዤ ጨርቁ ላይ ሳሰምር መነጽሯ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ክፉ ቃል እንኳ አልተናገረችም። «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ። የማዶ እጅ መቀስ ሲይዝ ማየት ደስ ይለኛል» አለች፣ ሳቀች። ከዚያ ካርቶኑን የት ላይ እንዳሳረፍኩት አላስታውስም። ሦስት ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ የምቆርጠውን ልክ አራት ጣት አሳጠርኩት። ጨርቁ ተደራርቦ ነበርና ስድሳውንም ባንዴ።

ታዲያ አሁን ልቤ ይራራላት ይሆናል ብለሽ ተስፋ አድርገሽ ከሆነ፣ የለም። የወሰደችብኝ መቀሴን ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ እጄ ውስጥ ገብታ፣ ወንበር ስባ፣ ተቀምጣለች። መቀስ የነጠቀ ይመልሳል፣ ይህን እንዴት ነው የምትመልሰው? እኔም እንዲሁ እገባባታለሁ። ማንኪያ ባነሣች ቁጥር ሰው ያየኛል ብላ እንድታስብ አደርጋታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለማንም አታንብቢ።

ታላቅሽ

ኅዳር 17

ይድረስ ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን ኮቴን ሳላወልቅ፣ ቆሜ አነበብኩት። ለማንም አላነበብኩም።

አንቺ ከነገርሽኝ እኔም ልንገርሽ። ፖስታው አይጠፋም፣ እትዬ። ፖስታ የሚቀበሉት አማቴ ናቸው። ገና ስገባ «ከየት ነሽ?» ሲሉኝ የድልድዩን የከተማ ወገን ነገርኳቸው። አንዲት ቃል ነበረች፣ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከልጄ ትበልጣለች። ባለፈው ምሳ ላይ የባሌ ወንድም «የማዶ ሰው መሰላል ቢሰጡት መሬት ላይ አጋድሞ ይራመድበታል» ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቀ። ከሁሉ ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ሳህን ሳጥብ ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔ ግን በሆዴ «ታዲያ ምን ይጠበቃል» አልኩ። በማን ድምፅ እንዳልኩት እንጃ።

ስለዚህ ተይው እያልኩ የጻፍኩልሽን ሁሉ ቅደጂው። ቅጫት። አንዷን ስለኔ ጨምሪላት።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣ እንዳትቆጪኝ። ያቺ ልዕልት የምትያት ልጅ ምን አደረገችሽ? እስካሁን ስለሷ የነገርሽኝ ጥፍሯንና ዝምታዋን ነው። እኔም ብሆን አዲስ ቦታ በአንገቴ ነው ሰላም የምለው፤ አፌን ስከፍት ማዶነቴ እንዳይታወቅ። እሷ የምትደብቀው ምን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?

መቀስሽ የተመለሰልሽ ቀን ቶሎ ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ያን ብቻ።

እህትሽ

ታኅሣሥ 16

እህት ዓለሜ፣

ፖስታው ላይ የሰፈራችንን ስም አሁንም አልጻፍኩም። አማትሽ ከኔ ጽሕፈት ሳይሆን ካንቺ አፍ ይስሙት፣ በቀንሽ። ስለ ሳቅሽ አልቀየምሽም። ያን ባለ መሰላል ግን ይዤበታለሁ፤ አንድ ቀን ቤትሽ እመጣና አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ሆነ። እንዴት እንደሆነ ከጭራሽ ብትሰሚ ይሻልሽ ነበር፣ ስትተርከው ጠረጴዛ ላይ ትወጣለች። እኔ ሁሉንም አልጽፍልሽም። ጌትየው መጣ። የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፣ ስፌት ያውቃል። መነጽሯ የአሥራ ሁለትን ሸሚዞች ዘረጋችና «መቀሱ ለዚህች ይገባል» አለች። ተነሣሁና «ጌታዬ፣ የኮሌታውን እጥፋት ቢገልጡት» አልኩ። ሰማያዊ ክሬ ከያንዳንዱ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ ገምቺው።

እኔ የምነግርሽ የተቆጣጣሪዋን ፊት ነው። መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጠረገች፣ አደረገች፣ መልሳ አወለቀች። ሃምሳ ሴት ትንፋሹን ይዞ ያያታል። የመለሰቻቸውን ከከረጢቱ ሳዘረግፍላት «እና ይሄ... ይሄ የአሥራ ሁለት ነው?» አለች፣ ድምፅዋ የሕፃን ሆኖ። ጌትየው ሜትሩን አውጥቶ አንድ በአንድ ለካው። ቀጥ ያለ ነው። አንድም አልተጣመመም።

«ምን ይጠበቃል» አልኳት። ይቺን ብቻ። አምስት ወር ያኘክኋት ቃል ናት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጭራሽን ይቀጣታል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እሱ ግን ከት ብሎ ሳቀ። «ከሰው መርጦ ለሹመት» ብሎ ጀመረና ተረቱን ሳይጨርስ የመነጽሯን ወንበር ወደኔ አዞረው። አሁን ተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝ። እሷ ቁልፍ ትተክላለች፣ መስኮቱ ሥር፣ ብርዱ በሚገባበት። እዚያ ትቀመጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ስቀመጥ አሥር ጊዜ ቀና ብላ ታየኛለች። ሻርፕሽን አድርጌ ነው የምቀመጠው።

የመቀሱን ነገር ኋላ እጽፍልሻለሁ፣ አሁን እጄ ደክሞታል። ስለ ልዕልት የጠየቅሽውንም አልረሳሁትም። አንቺ የዋህ ነሽ፣ ከልጅነትሽም እንዲሁ ነበርሽ።

ታላቅሽ

ጥር 22

እህት ዓለሜ፣

ነገርሻቸው! አማትሽ ሦስት ቀን አላናግር አሉ? ሦስት ቀን ከሆነ ትርፍ ነው፣ እኔ ሦስት ዓመት ይኮርፋሉ ብዬ ነበር። ባልሽ «ታዲያ ምን አለበት» ብሎ እንጀራውን መብላቱን ከቀጠለ፣ ያ ሰው ጥሩ ሰው ነው፣ ያዢው። ይኸው ዛሬ የሰፈራችንን ስም ፖስታው ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፣ ማኅተሙ እንኳ አይሸፍነውም።

መነጽሯ ሰላም ትልሽ እንደሆን ጠይቀሻል። ትለኛለች። ቁልፍ አተካከሏ ልክ ነው። አንድም መልሼባት አላውቅም፣ ምክንያት ባገኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

«መቀሱ ማን እጅ ነው?» ብለሽ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ጻፍሽ። እሺ። ያን ቀን ጌትየው ሁለቱን ነው ያቀረበልኝ። «መቀስሽን ወይስ ወንበሩን?» አለኝ። ይህን ሁሉ የደከምኩት ለመቀሱ ነው፣ አንቺ ታውቂያለሽ። አፌ ግን «ወንበሩን» አለ። እሷን ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ማየት አማረኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። «እንግዲያው መቀሱን ለምትገባት አንቺ ስጪ» አለኝ። ለጭራሽ ሰጠኋት።

አዎ፣ ልዕልት ትሻል ነበር። ይኸው ጻፍኩት። ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ለነሱ መቀስ ላድል? ኮሌታዋንም እመልሳለሁ። አንዳንዱ ጥፋት አለበት። አንዳንዱ የለበትም መሰለኝ። የከተማ ልጅ ስፌት ላይ ላዩን ያምራልና ከውስጥ መፈለግ አለብሽ፣ ስትፈልጊ ደግሞ ታገኛለሽ። እያነበብሽ ራስሽን አትነቅንቂ፣ ከዚህ ይታየኛል።

ትናንት እሑድ ቤቴ ሰው በሰው ሆኖ ዋለ። መጀመሪያ የሾፌሩ ሚስት መንታዎቹን በሁለት ክንዷ ይዛ መጣች። መላጣው ጸጉር አብቅሏል፣ ቁጣው ግን አልቀነሰም። «ተሾምሽ አሉ፣ እንግዲህ ሰላምታ በወረፋ ይሆናል» ብላኝ ሄደች።

ቀጥላ ጭራሽ መጣች። መቀሱን በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛዋለች። አልጋው ላይ አስቀመጠችው። «ጭራሽ አልችልም። ከልቤ ነው። ሁለት ጥቅል ጨርቅ አበላሽቻለሁ። ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? ‹ከአርባ በላይ መቀስ ቢሰጡት ይኸው ነው› ይላሉ። ይህን ያስባልሽኝ አንቺ ነሽ። ቁልፍ ብተክል ምን ነበረበት?» አለች። ልቆጣት ስል «ተይ፣ ዛሬ አታስቂኝ» ብላ ወጣች። እኔ እኮ ላስቃት አልነበረም።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም በሩ ተንኳኳ። ልዕልት ናት። ከከተማው ወገን ደጃችንን የረገጠ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ሾፌሩ በዱላው ቤቴን አሳይቷታል። ግቢ አልኳት፣ ገባች። ተቀመጪ አልኳት፣ አልተቀመጠችም። ጥፍሯን አየሁት፣ አልተቀባም።

«እትዬ፣» አለች፣ «ከጥቅምት ጀምሮ ዐውቅ ነበር። ያን ቀን የተመሰገንኩበት ሸሚዝ የኔ አልነበረም። የራሴን ስፌት አላውቀውም? ዝም ያልኩት ምስጋናው ጥሞኝ አይደለም። እርስዎ ላይ የምታደርገውን ከአጠገብዎ ሆኜ አይ ነበር፤ ይበላት፣ ያሳዩዋት ብዬ ነው።»

ውሃ ላምጣልሽ አልኳት፣ አይ አለች።

«ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ሸሚዝ መልሰውብኛል። አንዱንም አልፈታሁም። ከእርስዎ ነው የተማርኩት። ለክቻቸዋለሁ፣ መነጽሯም አብራኝ ለክታቸዋለች፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው ጥፋት ያለባቸው። ጌትየው ቅዳሜ ይመጣል አይደል? ሃምሳችንም ባለንበት ጠረጴዛው ላይ አዘረግፋቸዋለሁ።»

«ታዲያ መጥተሽ ለምን ነገርሽኝ?» አልኳት።

በሩን ከፍታ አንድ እግሯን ደጅ አውጥታ ነበር። ዞር አለች።

«እርስዎ እሷን ቀድመው አላስጠነቀቋትም፣» አለችኝ፣ «እኔ ግን አስጠንቅቄዎታለሁ። የከተማ ልጆች ሁሉ አንድ ናቸው እንዳይሉ።»